እጅ መፍታት፦ የቪዲዮ ሥራ ትምህርት ታሪክ ከፕላዝማው ክፍል እስከ ወልቂጤና ቡታጅራ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ ዓመት እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንደ መሆኔ መጠን ስለ ኃይል ማመንጫ ወይም ስለ መስመር ዝርጋታ እጽፋለሁ ተብሎ ሳይታሰብ አልቀረም። እኔ ግን የመረጥሁት ለብዙዎቻችን የወጣቶች ጨዋታ መስሎ የሚታየውን የቪዲዮ ሥራ ነው። ሰው ቪዲዮ አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ለሕዝብ ማድረስን እንዴት ይማረዋል? በአገራችንስ እስከ ዛሬ እንዴት ሲማረው ኖረ? ይህን ጥያቄ በተለይ ከወልቂጤና ከቡታጅራ አንጻር ለመመርመር እሞክራለሁ። ወደ ርእሱ የመራኝ ከጥቂት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር በሁለቱ ከተሞች በተካሄዱ አነስተኛ የተግባር ሥልጠናዎች በረዳት አሠልጣኝነት መካፈሌ ነው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «ወርክሾፕ» የሚለው ቃል ወደ አገራችን ሲገባ ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ብረት የሚቆረጥበት፣ ሞተር የሚፈታበት፣ እጅ በዘይት የሚጠቁርበት ቤት ማለት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ቃሉ ከጋራዥ ወጥቶ ሆቴል ገባ። በአዳራሽ ተቀምጦ ንግግር መስማት፣ ሻይ መጠጣትና ለአበል መፈረም «ወርክሾፕ ተካፈልሁ» ያሰኝ ጀመር። እኔ በዚህ ጽሑፍ የተግባር ሥልጠና ስል የመጀመሪያውን ትርጉም ማለቴ ነው። አማርኛችን ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንደሚል ሁሉ፣ ጀማሪ ሙያተኛም መሣሪያውን ሲለምድ «እጁን ፈታ» ይላል። የጽሑፌ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን በገባባቸው ዘመናት ሁሉ መሣሪያው ቀድሞ ደረሰ፤ ሙያው ሥር የሰደደው ግን ሰው እጁን በፈታበት ቦታ ብቻ ነው።

ተመልካች ሆነን የቆየንበት ዘመን

የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ በፓሪስ ከተማ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ከፍሎ ለገባ ተመልካች ካሳዩ በኋላ ብዙ ዓመታት ሳይቆይ፣ ፈጠራው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ኢትዮጵያ ደርሷል። በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀደምት የሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል። በዚህ ስያሜ ልንስቅ አይገባንም። አሠራሩን ያላዩት ነገር ሁሉ የሰይጣን ሥራ መምሰሉ አይቀርምና። ለተመልካቹ የተፈቀደለት ከግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን ማየት ነበር፤ ከጀርባው ያለውን መሣሪያ የሚነካው ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ። በዚያው ዘመን «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው ረጅም የአማርኛ ፊልም ለሕዝብ ታየ። በ1977 ዓ.ም. መባቻም የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ባለ ቀለም ሆነ። እነዚህ ሁሉ የሚያኮሩ እርምጃዎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ካሜራው በጣም ውድ፣ ፊልሙ በቤተ ሙከራ ታጥቦ የሚደርስ፣ መቀናበሪያውም በአንድ ወይም በሁለት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስለ ነበረ፣ ሙያውን ለመማር በመንግሥት መሥሪያ ቤት መቀጠር ወይም ወደ ውጭ አገር መላክ ያስፈልግ ነበር። በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ለሚኖር ሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሆኖ ቆየ። እርሱ ይቀረጽ ይሆናል እንጂ አይቀርጽም ነበር።

ከእጅ ወደ እጅ

ይህን ሁኔታ መጀመሪያ የለወጠው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሠርግ ነበር። የቪዲዮ ካሴትና በትከሻ የሚያዝ ካሜራ በገበያ መገኘት ከጀመሩ ወዲህ፣ በየከተማው የነበሩ ፎቶ ቤቶች ቀስ በቀስ የቪዲዮ ሥራ ጨመሩ። በእነዚህ ፎቶ ቤቶች የሠለጠኑት ልጆች የትምህርት ማስረጃ አልነበራቸውም። መጀመሪያ ገመድ ይሸከማሉ፤ ቀጥሎ መብራት ይይዛሉ፤ ባለቤቱ ምሳ ሲበላ ካሜራውን ለጥቂት ደቂቃ ይረከባሉ፤ የተንቀጠቀጠ ሥዕል ያመጡ እንደ ሆነም ይገሠጻሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከመካከላቸው አንዱ በሌላ መንገድ ዳር የራሱን ቤት ይከፍታል።

ይህ የትምህርት መንገድ ለጉራጌ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። ከአገር ቤት ወደ አዲስ አበባ የሄደ ልጅ በመርካቶ ከአጎቱ ወይም ከአገሩ ልጅ ሱቅ ጎን ተቀምጦ፣ ከሊስትሮ ሣጥን ወይም ከዕቃ ማውረድ ጀምሮ፣ ዋጋ መተመንን፣ ደንበኛ መለየትንና ዱቤ መመዝገብን በማየትና በመሥራት ተምሯል። ማንም ስለ ንግድ ንግግር አላደረገለትም፤ የተሳሳተውን ሒሳብ ግን ከኪሱ ከፍሎ አርሟል። ስሕተት ዋጋ የሚያስከፍልበት፣ አራሚውም በቅርብ የሚቆምበት ትምህርት በቶሎ እንደሚዘልቅ መርካቶ ራሱ ምስክር ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲጂታል ካሜራና በኮምፒዩተር ማቀናበር ሲስፋፋ፣ ከሠርግና ከቴያትር ቤት የመጡ ሰዎች ፊልም ወደ መሥራት አለፉ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በዲጂታል ተቀርጾ በሲኒማ ቤት ከታዩት ቀደምት ፊልሞች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ለተከተለው የአማርኛ ፊልም ብዛት መነሻ የሆነው የመሣሪያው መርከስ ብቻ አይደለም። መሣሪያውን የሚያውቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሠለጠነ ሠራተኛ አስቀድሞ በየፎቶ ቤቱ ተዘጋጅቶ መቆየቱም ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የተገናኙት ሁለት ነገሮች

በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መንግሥት በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስገባ። ተማሪው ሁሉ በመስኮቱ ዓይነት «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር። እኔ ቡታጅራ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ከዓመት በኋላ ነው። የክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ለመምህራችን ይተዋሉ፤ የቀረው የፕላዝማው ነበር። ሥዕሉ ውብ ነበር። የኬሚስትሪ ሙከራው ያለ ስሕተት ይከናወናል፤ ፈሳሹ በታቀደለት ቅጽበት ቀለሙን ይለውጣል። ይሁን እንጂ «እስቲ ይድገሙልን» ማለት አይቻልም። መብራት ከጠፋም ሥርጭቱ አይጠብቀንም፤ መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ ሌላ ምዕራፍ ላይ ይደርሳል። መምህራችን እንደ እኛው ቆመው ይመለከቱ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ይታየኛል። ዕውቀታቸው አልጎደለም፤ ኖራው ግን ከእጃቸው ተወስዶ ነበር።

ፕላዝማው ምንም አልጠቀመም አልልም። ልምድ ያለው መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት የተስተካከለ ትምህርት ለማድረስ የታሰበ ነበርና ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነጥብ ነው። በዚያው በ1997 ዓ.ም.፣ የካቲት ወር ላይ፣ በአሜሪካ ሦስት ወጣቶች ዩቲዩብ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሚያዝያ 15 ቀንም ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም በሳን ዲዬጎ የአራዊት ማቆያ በዝሆኖች ፊት ቆሞ የተቀረጸበትን የ19 ሰከንድ ቪዲዮ ጫነ። ይህ ሥዕል ከፕላዝማው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ተራ ነው፤ ድምፁ የደከመ፣ ንግግሩም ፍሬ የሌለው ነው። ነገር ግን የያዘው ሐሳብ ተቃራኒ ነበር። ፕላዝማው ጥቂቶች ያዘጋጁትን ሚሊዮኖች ዝም ብለው እንዲያዩ የተሠራ ሲሆን፣ ያ የ19 ሰከንድ ቪዲዮ ማንም ሰው አዘጋጅ መሆን እንደሚችል የሚያመለክት ነበር። በአንድ ዓመት ሁለት በሮች ተከፈቱ፤ እኛ የክፍሉ ተማሪዎች የምናውቀው ግን አንዱን ብቻ ነበር።

ልጆች ካሜራ ሲይዙ

ሁለተኛውን በር ለመክፈት በአገራችን የተደረጉ ጥረቶች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ በአዲስ አበባ የጀሚኒ ትረስት የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከድሃ ቤተሰብ የተገኙ ወጣቶችን በቪዲዮ ሥራ አሠልጥኖ ስለ ራሳቸው ኑሮ ፊልም እንዲሠሩ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረቱ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅታቸው በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ዋናዋ ተዋናይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ነበረች፤ ስቱዲዮውም የራሳቸው መኖሪያ ቤት ነበር። በኋላ ይኸው ድርጅት ታዳጊዎች ራሳቸው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንዲሠሩ በማሠልጠን የታዳጊዎቹን ሥራ በቴሌቪዥን አቅርቧል።

የአንድ ደቂቃው ገደብ ለአሠልጣኝ ታላቅ ትምህርት አለው። ጀማሪ ሰው ስለ መንደሩ ሁሉን ነገር መናገር ይፈልጋል፤ አንድ ደቂቃ ሲሰጠው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምን እንደ ሆነ ለመምረጥ ይገደዳል። ሥራውንም በአንድ ቀን ቀርጾ፣ በማግሥቱ አቀናብሮ፣ በሦስተኛው ቀን በጓደኞቹ ፊት አሳይቶ ይተቻል። እኛም በወልቂጤና በቡታጅራ ሥልጠና ስንጀምር ይህን የአንድ ደቂቃ ሥርዓት ተከትለናል።

መንገዱ እስኪደርስ

የቪዲዮ ሥራ በክፍለ ሀገር እንዲለመድ ከሙያው በፊት መንገዱ መድረስ ነበረበት። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራም በደቡብ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ሁለቱ ከተሞች እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአንድ የጉራጌ ዞን ውስጥ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ግን ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫዎች ሆነዋል።

ለማኅበራችን አባላት የሚታወሰው ታላቅ ታሪክ፣ በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ መንገድ ለመሥራት መደራጀታቸው ነው። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በዚያ ዘመን ተቋቋመ። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራትም እንዲሁ ማኅበር ተመሥርቶ ነበር፤ ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የምርምር ሥራ ይህንኑ ማኅበር የሚመለከት ነው። እነዚያ ሰዎች መንገዱን ያሠሩት ሸቀጥ ለማጓጓዝ ብቻ አልነበረም። በመስቀል አገር ቤት ገብቶ ወላጅን ለማየት፣ የታመመን ለማድረስ፣ ልጅን ትምህርት ቤት ለመላክ ጭምር ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የማይታየው የመገናኛ መስመር ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ የተሠራው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ብዙ ወጣት ኮምፒዩተርና ፈጣን መስመር አገኘ። በ2007 ዓ.ም. የአራተኛው ትውልድ የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተጀምሮ በየጊዜው ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ሳፋሪኮም ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ ነበር። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ቆይተዋል። በእነዚያ ወራት ሥራውን በስልኩ ወይም በሃርድ ዲስክ ያላስቀመጠ ሰው የራሱን ቪዲዮ እንኳ ማየት ተቸግሯል። ዋናውን ቅጂ ከእጅ አለማውጣትን በሥልጠናችን የመጀመሪያ ትእዛዝ ያደረግነው ስለዚህ ነው።

በሥልጠናው ቤት

ሥልጠናው አምስት ቀን ይፈጃል። ሠልጣኙ ከአሥራ ሁለት አይበልጥም፤ ከዚያ ከበለጠ አንዳንዱ ተመልካች ሆኖ ይቀራልና። ሁሉም የሚሠራው በገዛ ስልኩ ነው። በተውሶ ካሜራ የሠለጠነ ሰው ካሜራው ሲመለስ ሙያውንም አብሮ ይመልሳል። ከእኛ የሚጠበቀው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎንና አንድ ነጭ ጨርቅ ማቅረብ ብቻ ነው።

በወልቂጤ በመጀመሪያው ማታ የገጠመንን ልጥቀስ። አንዲት ሠልጣኝ የዳቦ ቤት ሥራን በመብራት ስትቀርጽ በሥዕሉ ላይ ጥቁር መስመር እየተንሸራተተ አስቸገራት። ስልኩ ተበላሽቷል ብላ አዘነች። እኔም በዚህ ጊዜ ሙያዬ ለሥልጠናው ጠቀመ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚዞር፣ ጥራት የጎደለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፤ ይደበዝዛል። ዐይናችን ይህን አይለይም። ካሜራው ግን የብርሃን መቀበያ ጊዜው ከዚህ ዑደት ጋር ካልተስማማ መስመር ያያል። በሰከንድ 25 ሥዕል እንዲቀርጽ፣ መቀበያውም በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ላይ እንዲቆም ባደረግነው ጊዜ መስመሩ ጠፋ። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ባነብላቸው ኖሮ በማግሥቱ ይረሱት ነበር። ልጅቱ ግን በሦስተኛው ቀን አዲስ ለመጣ ጓደኛዋ ራሷ ስታስረዳው ሰማኋት። ያን ጊዜ እጇን እንደ ፈታች አወቅሁ።

መጫንም እንዲሁ ሒሳብ ይጠይቃል። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚይዝ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ 180 ሜጋባይት ይመዝናል። የመጫኛው መስመር በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ከሆነ 24 ደቂቃ ይወስዳል። ያንኑ ቪዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብንጨምቀው 45 ሜጋባይት ይሆንና በ6 ደቂቃ ያልቃል፤ በስልክ መስኮት ለሚያይ ሰውም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ለዳታ ከኪሱ የሚከፍል ወጣት ይህን ስሌት ለመማር ማንም እንዲገፋፋው አያስፈልግም።

የሐረ ሸይጣን ድንጋይ

ከማዘጋጀት ይልቅ የሚከብደው ማስተዋወቅ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ፣ አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የመታየት ሰዓት እንዲኖረው ወስኗል። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ቪዲዮው 80,000 ጊዜ መከፈት አለበት፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ከቆየ ግን 240,000 ጊዜ። ወደ ሥልጠናችን የሚመጣው ወጣት ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ጸሎት በቃሉ ይዟቸው ይመጣል። ገና ካሜራ ሳይዝ ስለ አርእስትና ስለ ፊት ሥዕል ይጠይቃል። «ሰበር»፣ «ጉድ»፣ «ማመን ያቅታል» የሚሉት ቃላት ከየት እንደሚመጡ ለመረዳት ይህን ስሌት ማወቅ ይበቃል።

ከቡታጅራ ብዙ ሳይርቅ፣ በስልጤ ዞን፣ ሐረ ሸይጣን የተባለ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ። ከአፋፉ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ላይ አይደርስም እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። በቡታጅራው ሥልጠና አንድ ብርቱ ወጣት ይህን ሐይቅ ለመቅረጽ መረጠ። እውነትም ጓደኞቹ ቢወረውሩ ድንጋዩ ተዳፋቱ ላይ እየወደቀ ቀረ። ማታ ሥራውን ሲያሳየን የሰጠው አርእስት ሐይቁ ድንጋይ ይውጣል፤ ሳይንስም መልስ የለውም የሚል ነበር። እኔም ምክንያቱ ከባድ አለመሆኑን አስረዳሁት። ከከፍታ ላይ ቁልቁል ስንመለከት በመካከል ርቀትን የሚያመለክት ዛፍ ወይም ቤት ስለሌለ ውኃው ቅርብ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ከአፋፉ እስከ ውኃው ዳር ያለው አግድም ርቀት የሰው ክንድ ከሚወረውረው ይበልጣል።

ወጣቱ በአክብሮት፣ ግን ሳያመነታ መለሰልኝ። «ኢንጂነር፣ የእርስዎን አርእስት ማን ይከፍተዋል? እርስዎ ደመወዝ አለዎት፤ እኔ ያለኝ ይህ ስልክ ብቻ ነው» አለኝ። አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ወዲያውኑ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ያለው እውነት ነበርና። ለሥራ አጥ ወጣት ስለ እውነተኛነት መስበክ ደመወዝ ለሚበላ ሰው ቀላል ነው።

ያን ምሽት የወሰንነው ክርክሩን ትተን እንድንሠራው ነበር። በማግሥቱ ወጣቱ እንደ ገና ሄዶ፣ በገመድና በእርምጃ የአንድን ሰው ውርወራ ርቀት እየለካ፣ ለምን እንደማይደርስ የሚያሳይ ሁለተኛ ቪዲዮ ቀረጸ። አርእስቱንም በጥያቄ አቀረበው፤ ድንጋዩ ለምን አይደርስም? ሁለቱንም ጫናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ሰው የከፈተው የፊተኛውን ነው፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን አብዛኛው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጥሎ ይወጣ ነበር። ሁለተኛውን የከፈቱት ጥቂቶች ግን እስከ ፍጻሜው ቆዩ፤ ጥያቄም ጻፉለት። ወጣቱ ራሱ ሒሳቡን አስልቶ፣ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ መክፈት ብቻ አለመሆኑን ለጓደኞቹ ነገራቸው። የፊተኛውንም ቪዲዮ ያለ ማንም ትእዛዝ አነሣው። እውነት ሁልጊዜ ታዋጣለች ብዬ ከዚህ አልደመድምም። ራሱ ለክቶ የደረሰበትን ነገር ግን ማንም ሊያስረሳው አይችልም።

አፍ መፍቻና እጅ መፍቻ

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው በወልቂጤ የተሠራ ሌላ ቪዲዮ ነው። ሁለት ሠልጣኞች የአንዳቸውን አያት እንሰት ሲፍቁ ቀረጹ። ብዙ ተመልካች እንዲያገኙ ብለው ሴትዮዋ በአማርኛ እንዲናገሩ ለመኗቸው። እርሳቸውም ታዘዟቸው፤ ነገር ግን በቃል በቃሉ እየተሰናከሉ፣ የሚያውቁትን ግማሹን ሳይናገሩ ቀሩ። ሥራውን ስናየው ሁላችንም አንድ ነገር እንደ ጎደለ ተሰማን። በሁለተኛው ቀን በአፍ መፍቻቸው በጉራጊኛ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ያን ጊዜ ፊታቸው ተፈታ፤ የቀርከሃው መፋቂያ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቡላው እንዴት እንደሚለይ፣ ቃጫው መቼ እንደሚወጣ፣ ቆጮው በጉድጓድ ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ ሳያቋርጡ አስረዱ። ሠልጣኞቹም ንግግሩን በአማርኛ ተርጉመው ከሥዕሉ ግርጌ ጻፉበት። ከመጫናቸው በፊት ቪዲዮውን ለአያትዮው አሳይተው ፈቃዳቸውን ጠየቁ። እርሳቸውም አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ብለው ያን ክፍል እንደ ገና አስቀረጹ።

ይህ ሥራ ፈር ቀዳጅ አለው። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመንደሩን ሕይወት በእናቱ ቋንቋ በቻሃ ጽፎ፣ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት እ.ኤ.አ. በ1964 «የሽነጋ መንደር» ተብሎ ታትሟል። መጀመሪያ በራስ ቋንቋ መናገር፣ ቀጥሎ ለሌላው መተርጐም፤ ሥርዓቱ ያው ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ አንድ ደራሲና አንድ ሊቅ የሚያስፈልገው ሥራ ዛሬ በሁለት ወጣቶችና በአንድ ስልክ መጀመር መቻሉ ነው። ከእንሰት ፋቂዋ አያት ጋር የሚሄደው ዕውቀት ግን ስልኩ እስኪሻሻል አይጠብቅም።

መደምደሚያ

በጉራጌ መንደር በቤቶች ፊት ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና አለ፤ ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ የማንም የግል አይደለም፤ ደስታውም ሐዘኑም የሚፈጸምበት የሁሉም ቦታ ነው። ስፋቱን ማንም በአጥር ሳይቆርስ ለትውልድ የቆየው በግንብ ስለ ተጠበቀ አይደለም፤ የሰባት ቤት የጆካ ቂጫና የክስታኔ የጎርደና ሴራን የመሳሰሉ ባህላዊ ሕጎች ባሉበት ማኅበረሰብ ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ኢንተርኔትም የዘመናችን ጀፎረ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አስፈላጊውን ድንበር ሊያመለክት ይችላል። ጎዳናውን ንጹሕ አድርጎ የሚይዘው ግን የአካባቢው ሰው ነው፤ የአካባቢውም ሰው ይህን ማድረግ የሚችለው ሥራውን በእጁ ሲያውቀው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አባቶቻችን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ሲያዋጡ ማንም ስለ መንገድ ንግግር ሰምቶ እንዲመለስ አልነበረም። እኛም ለወጣቶች ሥልጠና ስናዘጋጅ ከአዳራሽ ኪራይና ከሰንደቅ ወረቀት ይልቅ አምስት ቀን ሙሉ ከጎናቸው የሚቆም ሙያተኛ እንስጣቸው። እያንዳንዳችን በየሙያችን፣ ድልድይ ሠሪውም ውኃ ቆፋሪውም፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ከእነርሱ ጋር ብንሠራ፣ እነርሱ ቪዲዮ ሲማሩ እኛም የምናውቀውን ለሌላው መናገር እንማራለን። በፕላዝማው ፊት ቆመው የቀሩት መምህሬ ዛሬ ቢጠይቁኝ የምመልስላቸው ይህን ነው፤ ኖራው ወደ እጅ ተመልሷል፤ እንዳይወድቅ መያዝ የእኛ ፈንታ ነው።